ኢፖክሲ ለቀዳዳው ነው እንጂ ለዳዶው አይደለም፦ የወደቀው ጀሪካንና በቤት የሚሠራ አውሮፕላን

ባለፈው ጥር ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ወደ ሐይቅ ሄጄ ነበር። ከበዓሉ በኋላ አምባሰል፣ ውጫሌ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ተሻገርኩ። የቡናው አቦል ገና ሳይቀዳ የአክስቴ ልጅ "እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ ነይማ" ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

ጓሮው ውስጥ ከባሕር ዛፍ ጣውላና ከኮምፔንሳቶ የተሠራ የክንፍ አጽም ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ልጁ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። "ሞተር የለውም፤ እንደ ጭልፊት ነው የሚንሳፈፈው" አለኝና ከከተማው በላይ ያለውን ገደል አሳየኝ። ከዚያ ሊነሳ ነው ሐሳቡ። ደነገጥኩ፤ ግን ቶሎ ብዬ "ተው" ብለው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። መልሱንም አዘጋጅቶ ነበር፦ "አቶ አስመላሽ ሠርተው የለ እንዴ?"

እውነቱን ነው። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ የጤና ባለሙያ ናቸው። አብራሪ ለመሆን አመልክተው በቁመት ምክንያት ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ መጽሐፍ እያነበቡና ቪዲዮ እያዩ የራሳቸውን ቀላል አውሮፕላን ሠሩ። ሞተሩ ከቮልስ መኪና የተወሰደ ነው። ስሟ ኬ-570 ኤ ይባላል፤ "ኬ" ከእናታቸው ከኪሮስ ስም፣ 570 ደግሞ ሥራው ከፈጀው ቀን የመጣ ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ለመብረር ያደረጉት ሙከራ ባይሳካም፣ ታሪኩ የብዙ ወጣቶችን ልብ ሰርቋል። የአክስቴን ልጅ ጨምሮ ማለት ነው።

ከዚያ ዋናውን "ፈጠራ" አሳየኝ። አብራሪው የሚንጠለጠልባቸው አራት ብሎኖች እንጨቱን በስተው አያልፉም። ቀዳዳ በስቶ፣ ከሱቅ የተገዛ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ሞልቶ፣ ብሎኑን ከነጥርሱ እዚያ ውስጥ ተክሎታል። "ዳዶ አያስፈልገውም፤ ከእንጨቱ በላይ ጠንክሯል" አለኝ።

"እንፈትነው" አልኩት። በተመሳሳይ መንገድ በተሠራ ቁራጭ እንጨት ላይ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተን አንጠለጠልን። 40 ኪሎ መሆኑ ነው። ማታውን ሙሉ ያዘ። ልጁ ፈገግ አለ። በማግስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ድርቅ ብሎ ሳለ ጓሮ ውስጥ "ዷ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ጀሪካኖቹ መሬት ላይ ናቸው። ብሎኑ ወልቆ ወጥቷል፤ ጥርሱ መሃል የቀረው ኢፖክሲ ደግሞ እንደ ማስቲካ ተስቧል።

ማታ የያዘው ቀን ለምን ለቀቀ? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ብሎን ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

ብሎን ሚስማር አይደለም

ብዙዎቻችን ብሎንን እንደ ወፍራም ሚስማር እናየዋለን። ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ብሎን ስፕሪንግ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ሞላ የምንለው። ዳዶውን ስታጠብቁ ብሎኑ በጣም በትንሹ ይለጠጣል። የተለጠጠ ነገር ደግሞ ወደ ነበረበት መመለስ ስለሚፈልግ ሁለቱን ዕቃዎች አጥብቆ ይጨብጣቸዋል። ዕቃዎቹ እንዳይንሸራተቱ የሚያደርገው ይህ ጭብጥ የሚፈጥረው ሰበቃ ነው።

ምን ያህል ይለጠጣል? ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ብሎን 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ዕቃ በ5,000 ኒውተን (510 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር በሚጎትትበት ኃይል) ቢጨብጥ፣ የሚለጠጠው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። የጋራዥ ሰው "ጠብቋል" ሲል በዚህች የፀጉር ያህል መለጠጥ ላይ እየተማመነ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። መፍቻውን ስታዞሩ ከምታወጡት ጉልበት ግማሽ ያህሉ በዳዶው ሥር ባለው ሰበቃ፣ 40 በመቶ ገደማው ደግሞ በጥርሶቹ መሃል ባለው ሰበቃ ያልቃል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ያልደረቀ ኢፖክሲ ካለ ሰበቃው ይቀንሳል፤ በዚያው የእጅ ጉልበት ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይለጠጣል። ቀጭን ብሎን ከሆነ ሊበጠስ ይችላል።

ታዲያ ብሎን ለምን ይላላል? ለረጅም ጊዜ መሐንዲሶች ዋናው ጥፋተኛ በብሎኑ ርዝመት አቅጣጫ የሚመጣ ንዝረት ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በሙከራ ሌላ ነገር አሳየ፦ ብሎንን በፍጥነት የሚፈታው ወደ ጎን የሚደረግ ንዝረት ነው። ዕቃዎቹ ትንሽ ወደ ጎን በተንሸራተቱ ቁጥር ሰበቃው ለቅጽበት ይሸነፋል፤ ዳዶውም በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ ይዞራል። ከውጫሌ በኮረኮንች መንገድ የሚመላለስ ባጃጅ ነጂን ጠይቁት፤ የዩንከርን ስም ሳያውቅ ውጤቱን በደንብ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያዙልኝ። ብሎን የሚላላው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ዳዶው ሲዞር ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይዞር የተጨበጠው ዕቃ ራሱ ሲቀጥን ነው። ሙጫ ምናልባት የመጀመሪያውን ይከለክል ይሆናል። ሁለተኛውን ግን ጨርሶ አይነካውም።

እንጨት በክረምትና በበጋ

ሁለተኛው መንገድ በእንጨት አውሮፕላን ላይ ከባድ ነው። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፤ በበጋ ይደርቃል፣ ይሸማቀቃል። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት በእርጥበት ለውጥ ምክንያት በ1 በመቶ ቢቀጥን 0.5 ሚሊ ሜትር ቀነሰ ማለት ነው። ብሎኑ የተለጠጠው 0.05 ብቻ እንደነበር አስታውሱ። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው! እንጨቱ ራሱ ታምቆ ስለነበር ጥቂቱን ያካክሳል፤ ግን ጭብጡ በእጅጉ ይቀንሳል።

ለዚህ ነው የእንጨት ፕሮፔለር ያላቸው አውሮፕላኖች የፕሮፔለር ብሎናቸው ወቅት ሲለወጥ በቶርክ ሬንች እንደገና የሚፈተሸው። እዚያ ዳዶ ላይ ኢፖክሲ ያፈሰሰ ሰው ችግሩን አልፈታም፤ እንዲያውም መፈተሻውን በር ዘጋ። ዳዶው አይዞርም፣ ጭብጡ ግን ሄዷል። ላዩን ሲያዩት ደህና ይመስላል።

ጀሪካኑን የጣለው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ኢፖክሲው እንምጣ። ሁለት ቱቦ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ሬዚን፣ ሌላው ማጠንከሪያ ነው። ሲቀላቀሉ ሞለኪውሎቻቸው እየተያያዙ እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይጠላለፋሉ። ቀለም እንደሚደርቀው ውኃው ተንኖ አይደለም የሚጠነክረው፤ ኬሚካላዊ ጋብቻ ነው። ጋብቻ ስለሆነ ደግሞ ቁጥሩ መመጣጠን አለበት። ማጠንከሪያው ቢበዛ የተረፈው ያለ አጣማሪ መሃል ላይ ይቀራል፤ መረቡ ይሳሳል። የአክስቴ ልጅ "ቶሎ እንዲጠነክር ማጠንከሪያውን ትንሽ በዛ አድርጌዋለሁ" አለኝ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። መለካት ያለበት አምራቹ በጻፈው መጠን ነው፤ የዓይን ግምት እዚህ አይሠራም።

ሁለተኛው ስህተት የፀሐይዋ ነው። እያንዳንዱ ኢፖክሲ ከጠንካራ ብርጭቆነት ወደ ለስላሳ ላስቲክነት የሚለወጥበት የሙቀት መጠን አለው። ያለ ማሞቂያ በክፍል ሙቀት በሚጠነክሩት ዓይነቶች ይህ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ነው፤ ቅልቅሉ ከተዛባ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን እንኳ በከፍታ ቦታ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ብረት እጅ ያቃጥላል። ብሎኑ ደግሞ ብረት ስለሆነ ያንን ሙቀት ቀጥታ ወደ ቀዳዳው ይወስደዋል። ኢፖክሲው ለስልሶ ቀስ በቀስ ተሳበ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ለቀቀ።

ይህ የእኛ ጓሮ ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ቡርት ሩታን በ1970ዎቹ ከፎም፣ ከፋይበር ግላስና ከኢፖክሲ የሚሠሩ አውሮፕላኖችን ንድፍ ለቤት ሠሪዎች ሲያቀርብ፣ ቀለማቸው ነጭ እንዲሆን የተፈለገው ለውበት ብሎ አይደለም። ነጭ ቀለም ፀሐይን ይመልሳል፤ ኢፖክሲው እንዳይለሰልስ ይጠብቃል።

ሙጫና አውሮፕላን የቆየ ዝምድና አላቸው። "ፀሐይ" የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ በ1928 ዓ.ም. ስትሠራ፣ በዓለም ላይ ብዙ የእንጨት አውሮፕላኖች ከወተት በሚገኝ ፕሮቲን በተሠራ ሙጫ ይጣበቁ ነበር። (ፀሐይን ጣሊያኖች ወስደዋት ኖረው በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች።) የወተት ሙጫ ግን እርጥበትና ሻጋታ ይጎዱታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዞቹ "ሞስኪቶ" የእንጨት አውሮፕላን በእስያ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲቸገር፣ ወደ ሰው ሠራሽ ሙጫ ለመሄድ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ትምህርቱ ያው ነው፦ ሙጫ የሚመረጠው በሚውልበት አየር ጭምር ነው።

ታዲያ ኢፖክሲ የት ይጠቅማል?

እስካሁን የነገርኳችሁን ሰምታችሁ "ኢፖክሲ አይረባም" እንዳትሉ። ቦታውን ካወቀ እጅግ ይረባል።

እንጨት ውስጥ በቀጥታ የገባ ብሎን ወይም ቪቴ የሚይዘው ጥርሱ በነከሰው ቀጭን የእንጨት ክር ነው። ክሩ ሲሰበር ነገር አለቀ። በአሜሪካ፣ ሚቺጋን፣ ቤይ ሲቲ የሚገኙት ጉጆን ወንድማማቾች የተባሉ የእንጨት ጀልባ ሠሪዎች ይህን ችግር በደንብ አጥንተውታል። ዘዴያቸው ቀላል ነው፦ ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍቶ መብሳት፣ በኢፖክሲ ማራስና መሙላት፣ ከዚያ ብሎኑን መትከል። ጥርሱ ኢፖክሲውን ይነክሳል፤ ኢፖክሲው ደግሞ በሰፊው የቀዳዳ ግድግዳ እንጨቱን ይይዛል።

ለምን እንደሚጠቅም በሒሳብ እንየው። 30 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ግድግዳው 3.14 × 6 × 30 ሲሆን 565 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንጨቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 6 ኒውተን ይችላል ብንል፣ በድምሩ ወደ 3,400 ኒውተን ይሸከማል። ቀዳዳውን ወደ 12 ሚሊ ሜትር ብናሰፋው ግድግዳው እጥፍ ይሆናል፤ የሚሸከመውም ወደ 6,800 ኒውተን ያድጋል። ብሎኑ አልወፈረም፤ ጭነቱ ግን በሰፊ እንጨት ላይ ተከፋፈለ። በዚያ ላይ ኢፖክሲው የቀዳዳውን ግድግዳ ስለሚደፍነው እርጥበት ወደ እንጨቱ እንዳይገባ፣ ብሎኑም እንዳይዝግ ያግዛል።

በፎምና በፋይበር ግላስ አውሮፕላን ደግሞ ኢፖክሲ ሌላ ሥራ አለው። ፎም ላይ ብሎን ብታጠብቁ ፎሙ ይጨፈለቃል፤ የጭብጡ ነገር ያበቃል። ስለዚህ ብሎኑ በሚያልፍበት ዙሪያ ያለው ፎም ይወጣና ቦታው ከጥጥ ብናኝ ጋር በተለወሰ ኢፖክሲ ይሞላል፤ ከባድ ጭነት ያለበት ቦታ ላይ የአሉሚኒየም ሳህን ይቀበራል። አሁን ብሎኑ የሚጨብጠው ጠንካራ ነገር አገኘ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ሁሉ ቦታ ኢፖክሲው የሠራው ለብሎኑ ጥሩ ቤት ነው። የዳዶን ሥራ አልወሰደም።

የት መግባት የለበትም?

በአውሮፕላን ሥራ ዳዶ እንዳይዞር የሚደረግባቸው መንገዶች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ በዓይን ይታያሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ይታሰራሉ። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ጥርሱን አንቆ ይይዛል፤ ግን ናይለኑ እስከ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ብቻ ስለሚፈቀድለት ትኩስ የሞተር ክፍል ላይ አይገባም። እንደ መሪ ማንቀሳቀሻ ያለ የሚዞር መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ አናቱ እንደ ዘውድ የተሸረፈ ዳዶ ይደረግና በመሃሉ ኮተር ፒን ይሰካል፤ ፒኑ ካልተሰበረ ዳዶው ወዴትም አይሄድም። የፕሮፔለር ብሎኖች አናታቸው ተበስቶ በሽቦ እርስ በርስ ይታሰራሉ፤ አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቃል።

"ለብሎን የሚሆን ሙጫ አለ አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። አለ። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቨርነን ክሪብል እ.ኤ.አ. በ1953 የፈለሰፈው፣ ሎክታይት በሚል ስም የታወቀው ፈሳሽ ነው። ኢፖክሲ ግን አይደለም። አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ብቻ ይጠነክራል። ጥንካሬው በደረጃ ስለሚመረጥ በመፍቻ ሊፈታ የሚችለውን መውሰድ ይቻላል። የሚሠራውም ብረት ከብረት ጋር ነው።

"ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ብሎን?" የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 የሆነውን ይስማ። ከእንግሊዝ የተነሳ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን አየር ላይ ሳለ የአብራሪው የፊት መስታወት ተገንጥሎ ወጣ። ካፒቴኑ ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተሳበ፤ የበረራ ሠራተኞቹ እግሩን ይዘው አቆዩት፤ ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን በሰላም አሳረፈ። ሁሉም ተረፉ። ሲመረመር መስታወቱን ከያዙት 90 ብሎኖች 84ቱ ከሚገባቸው በ0.66 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ነበሩ። ላይ ላዩን ጠብቀው ነበር። ግን ጥርሳቸው በደንብ አልነከሰም።

የአክስቴ ልጅ ምን አደረገ?

ጀሪካኑ ከወደቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ "እትዬ፣ እኔ እኮ 58 ኪሎ ነኝ" አለኝ። ሌላ ምክር አላስፈለገኝም።

በቀጣዩ ቀን አብረን ሌላ ቁራጭ ሠራን። ሰፋ ያለ ቀዳዳ በስተን በኩሽና ሚዛን በተለካ ኢፖክሲ ሞላነው። አንድ ሙሉ ቀን ጠብቀን መሃሉን እንደገና በሳነው፤ ብሎኑን ከዳር እስከ ዳር አሳልፈን፣ በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ አድርገን በዳዶ አጠበቅነው። ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ሰቀልነው። አልወደቀም። ቢለሰልስ እንኳ ብሎኑ በሮንዴላው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል እንጂ ሾልኮ አይወጣም። መሐንዲሶች የሚመርጡት ውድቀት እንዲህ ያለውን ነው፦ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀውን።

ክንፉ ላይ ግን እስካሁን ሰው አልተንጠለጠለም፤ አይንጠለጠልምም። የአሸዋ ከረጢት እየጫነ መሸከም የሚችለውን ይመዘግባል። ገደሉን ትቶታል። ደብተሩ ላይ ግን 14 ሙከራ ተጽፏል።

እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ ትንሹን ሥሩ። ሁለት ተመሳሳይ የባሕር ዛፍ ቁራጭና ሁለት ተመሳሳይ ብሎን ውሰዱ። አንዱን ብሎን በጠባብ ቀዳዳ፣ ሌላውን በሰፊ ቀዳዳ ትከሉ። ብሎኑን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ ቅባት የነካው ብረት ላይ ኢፖክሲ አይዝም። ጓንት አድርጉ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ሥሩ፤ ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳ ላይ አለርጂ ያመጣል። አንድ ቀን ጠብቁና ጀሪካን እየጨመራችሁ ስቀሉ፤ አንዴ በጥላ፣ አንዴ በፀሐይ። እግራችሁን ከሥሩ አርቁ። የትኛው፣ በስንት ኪሎ፣ በስንት ሰዓት እንደለቀቀ ጻፉ። የወጣውን ብሎን ደግሞ አትጣሉት፤ ጥርሱን እዩት። እንጨት ይዞ ከወጣ የተሸነፈው እንጨቱ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ቅባት ነበረው፤ እንደ ማስቲካ ከተሳበ ግን ወይ ቅልቅሉን አዛብታችኋል፣ ወይ ፀሐይዋን ረስታችኋል።